ቀይዋ መስመር ወርቅ ናት፦ «ናኖ ለእኛ ምናችን ነው?» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «አንብቢና ተናደጂ» የሚል መልእክት አለ። አነበብኩት። ብዙም አልተናደድኩም፤ ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ።

የጻፉት የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ስማቸውን ስላላወጡ እኔም «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጽሑፉን ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚሉት ይኼን ነው። ናኖ የሚባለው ነገር (በዓይን በማይታዩ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች የሚሠራው ሥራ) የሀብታም አገር ጨዋታ ነው፤ እኛ ጋ የለም፣ አያስፈልገንምም። ከአንድ ጠብታ ደም በሽታ እናገኛለን የሚሉ ሰዎች አጭበርባሪ መሆናቸው በአሜሪካው የደም ምርመራ ድርጅት በቴራኖስ ታይቷል። የወባ ኪት (ከጣት ደም ወስዶ በደቂቃዎች የሚመረምረው) ውሸታም ነው፤ የእኅታቸውን ልጅ «ወባ የለብህም» ብሎት ከሦስት ቀን በኋላ በወባ ተኝቷል። ማይክሮስኮፕ ይበቃናል። የናኖ ቅንጣት ደግሞ መርዝ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ወረቀት ከማሳተም አያልፍም። መጨረሻ ላይ የአንድ ኪት ፎቶ አለ፤ ማታ አንድ መስመር የነበረው ጠዋት ሁለት ሆኖ አገኘሁት ይላሉ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት ስወጋ ነው የምውለው። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ይመለከተኛል።

«እኛ ጋ የለም» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ውሸታም ያሉት የወባ ኪት ራሱ የናኖ ዕቃ ነው። ኪቱ ላይ የምትወጣዋን ቀይ መስመር ሁላችንም አይተናታል። ተራ ቀለም ትመስላለች። ወርቅ ናት። የምር ወርቅ፤ ግን ከመድቀቁ የተነሣ አንዱ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ 40 ናኖሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1,000,000 ናኖሜትር አለ። አንድ ቀይ የደም ሴል ከዳር እስከ ዳር ከ7,000 እስከ 8,000 ናኖሜትር ይሆናል። ከእነዚህ የወርቅ ቅንጣቶች ወደ 190 የሚሆኑ በአንድ የደም ሴል ወገብ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ ማለት ነው።

ወርቅ እዚህ ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱን ይተዋል። አረንጓዴውን ብርሃን፣ ወደ 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ይውጠውና ለዓይናችን ቀዩን ይተውልናል። ይኼ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ማይክል ፋራዳይ በ1857 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ቀይ የወርቅ ውሃ አዘጋጅቶ ነበር፤ ብልቃጦቹ ዛሬም ለንደን ውስጥ ተቀምጠዋል። በ1951 ደግሞ ተርኬቪች የሚባል ኬሚስትና ባልደረቦቹ ቀላል መንገድ አወጡለት። የወርቅ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ይፈላል፣ ሲትሬት ይጨመርበታል። ሲትሬት ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ጨው ነው። ውሃው ቀለሙን እየቀያየረ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ይሆናል። የሀብታም አገር ጨዋታ የተባለው እንግዲህ መነሻው ይኼ ነው።

አንድ ቀን ከዘጌ በኩል የመጡ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ውጤታቸውን ሲጠብቁ ኪቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ ቀይ ከየት መጣች?»

«ወርቅ ናት አባቴ።»

«ወርቅ? ታዲያ ለምንድነው ቆሻሻ ላይ የምትጥሉት!»

ሳቅኩ፤ ግን ጥያቄያቸው ጥሩ ነበር። ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። አንድ ግራም ወርቅ ወደ 40 ናኖሜትር ቅንጣት ቢለወጥ 1.5 ሚሊዮን ቢሊዮን ያህል ፍሬ ይወጣዋል። ለ120 ሚሊዮን ሰው ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ይደርሰዋል። ወርቅ ያለበት ኪት ውድ ያልሆነው የሚገባበት ወርቅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያም፣ ሮዝ መስመር የሚያወጣው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ በዚሁ በወርቅ ነው የሚሠራው። የሚፈልገው በእርግዝና ጊዜ ሽንት ውስጥ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። እንግዲህ ስንቱ የባሕር ዳር ሰው በናኖ ወርቅ ተመርምሮ ሲያበቃ ነው «እኛ ጋ የለም» የተባለው?

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልገናል። ከጣት የሚወሰደው ደም 5 ማይክሮሊትር ነው፤ የአንድ ሚሊሊትር 200ኛ። ደሙ የመሮጫውን ፈሳሽ ይዞ ወረቀቱ ላይ ሲጓዝ መንገዱ ላይ ደርቆ የተቀመጠውን ወርቅ ያነሣል። እያንዳንዱ የወርቅ ቅንጣት ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል። አንቲቦዲው አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚይዘው። ደሙ ውስጥ የወባ ፕሮቲን ካለ ወርቁ በአንድ ጎኑ ይይዘዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ አንቲቦዲ ወረቀቱ ላይ በመስመር ተተክሎ ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ በሌላ ጎኑ ይይዘዋል። ጣና ላይ መረብ ዘርግቶ እንደመጠበቅ ነው። ዓሣው ሲያዝ ወርቁም አብሮት ይያዛል። ወርቁ ሲከማች መስመሩ ይቀላል። ወባ ከሌለ ወርቁ ዝም ብሎ ያልፍና ሁለተኛው፣ የመቆጣጠሪያው መስመር ላይ ብቻ ይቀራል። ፍሪጅ የለ፣ መብራት የለ፣ ማሽን የለ።

ወደ ቴራኖስ ልሂድ። ታሪኩ እውነት ነው። ኤልዛቤት ሆምስ የምትባል አሜሪካዊት በ2003 የመሠረተችው ድርጅት ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በመቶ የሚቆጠሩ ምርመራዎችን እሠራለሁ አለ። በ2015 አንድ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። በ2018 ድርጅቱ ፈረሰ። በ2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች፤ በዚያው ዓመት ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት።

ግን ቴራኖስ መቼ የናኖ ድርጅት ነበረ? ደሙን የሚይዙባት ትንሽ ብልቃጥ «ናኖቴይነር» ትባል ነበር። ናኖነቷ እዚያው ስሟ ላይ ያበቃል። ችግሩ ስስት ነበር። ለአንድ ወይም ለሁለት ጥያቄ የሚበቃ ደም ይዘው መቶ ጥያቄ ሊጠይቁት ፈለጉ። አልበቃ ሲል ደሙን አቅጥነው ሌሎች ድርጅቶች ለብዙ ደም በሠሯቸው ማሽኖች ላይ መጫን ጀመሩ። ለአንድ ሰው የተሠራ ወጥ ውሃ እየጨመሩ ለሰርግ ቤት እንደማቅረብ ነው። የወባ ኪት አንድ ጥያቄ ጠይቆ ዞር ይላል። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሳያስቡት አንድ ትልቅ ነገር ነክተዋል። ጠብታ መቼ ይበቃል፣ መቼ አይበቃም? ይኼ በስሜት የሚመለስ አይደለም፤ ይቆጠራል።

ትሮፖኒንን እንውሰድ። ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ሐኪም «ይኼስ ያሳስባል» ማለት የሚጀምረው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ በአሥርና በሃያ ናኖግራም ሲቆጠር ነው። አልቡሚን የሚባለው ሌላው የደም ፕሮቲን ደግሞ በሊትር 40 ግራም አካባቢ አለ። በክብደት ሲመዘን ሁለት ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት። ለእኛ አገር ሰው በምን ላስረዳው ብዬ አሰብኩና ጣና ትዝ አለኝ። ጣና ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሁለት ቢሊዮንኛው 14 ሜትር ኩብ ነው። አንድ የውሃ ቦቴ። ትሮፖኒን መፈለግ ማለት አንድ ቦቴ ጣና ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ «ያ የቦቴው ውሃ የቱ ነው?» እንደማለት ነው።

ይኼን የሰማ ሰው «በቃ፣ ጠብታ ውስጥ ምንም አይኖርም» ይላል። አይደለም። በሊትር 20 ናኖግራም ትሮፖኒን ካለ፣ በ5 ማይክሮሊትር ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሞለኪውል አለ። ጠብታዋ ትንሽ ናት እንጂ የሚፈለገው አላነሰም። የጎደለን ከዚያ ሁሉ አልቡሚን መሃል ለይቶ የሚይዝና ተይዞም ለዓይን ወይም ለማሽን የሚታይ ነገር ነው። ወርቁ፣ ማግኔታማው ቅንጣት፣ የሚያበራው ኳንተም ዶት (በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠበት) ሁሉም የሚሮጡት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ፕሮቲኑ እጅግ ሲቀንስ እንይ። በ5 ማይክሮሊትር ውስጥ በአማካይ 3 ሞለኪውል ብቻ እስኪቀር ድረስ እናሳንሰው። አማካዩ 3 ሲሆን ከ100 ጠብታ 5ቱ ባዶ ናቸው። ምንም የለባቸውም። እንደ አጋጣሚ ባዶዋ ጠብታ ከደረሰችህ የዓለም ምርጡ የናኖ መሣሪያ «የለብህም» ይልሃል። እውነቱንም ነው፤ ጠብታዋ ውስጥ የለማ! እዚህ ላይ መፍትሔው ብዙ ናሙና መውሰድ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ ለጣና ዳር ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ብልሃርዝያ። ሐይቁ ዳር የሚዋኙ ልጆች፣ ደንገል የሚያጭዱ፣ መረብ የሚጥሉ ሰዎች ያውቁታል። ትሉ አንጀት አካባቢ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጦ አንዳንድ ነገሮችን ወደ ደም ይተፋል፤ እነሱም በሽንት ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚፈልግ የጠብታ ሽንት ኪት አለ። ትል የበዛበትን ሰው በደንብ ይይዛል። ጥቂት ትል ያለበትን ግን ሊያመልጠው ይችላል። ሌላውን የትል ምልክት የሚፈልግ የሆላንድ ተመራማሪዎች ዘዴ ደግሞ አለ፤ በማይታይ ብርሃን ሲመቱት የሚታይ ብርሃን የሚያወጣ ቅንጣት ይጠቀማል። ይኼ ዘዴ በተለያየ መጠን ይሠራል፤ ለምሳሌ አንዱ ከ417 ማይክሮሊትር ሽንት፣ ሌላው ከ2 ሚሊሊትር። ሁለተኛው ከብዙ ሽንት ስለሚያጠራቅም ያነሰ ትል ያገኛል። ቅንጣቱ ያው ነው። የተለወጠው የሽንቱ ብዛት ነው። ለሽንት ደግሞ ማን ይሰስታል?

ስለዚህ «አንድ ጠብታ ይበቃል» ለሚለውም ሆነ «አንድ ጠብታ ማጭበርበር ነው» ለሚለው የእኔ ጥያቄ ያው ነው። ምኑ? ስንቱ? ከየትኛው ፈሳሽ?

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «ኪቱ ይዋሻል» ወደሚለው። በእኅታቸው ልጅ የደረሰው እኔም እጅ ላይ ደርሷል። ድሮ በሠራሁበት አንድ ጤና ተቋም ነው። ከመተማ በኩል ከቀን ሥራ የተመለሰ ወጣት መጣ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ራስ ምታት። ኪት ሠራሁለት፤ አንድ መስመር። «ነጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። ወረፋው በር ድረስ ነበር፤ ስላይድ (ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) አልሠራሁለትም። በሦስተኛው ቀን ወንድሙ በባጃጅ አምጥቶት መጣ። ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ላይ ሳደርገው ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ሞልቶበታል። ልጁ ዳነ። ያን ቀን ስላይድ አለመሥራቴ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ታዲያ ማን ዋሸ? ወርቁ አልዋሸም። አብዛኛው የፋልሲፓረም ኪት የሚፈልገው ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ተመረጠ፤ ምክንያቱም ጥገኛው (ወባን የሚያመጣው ተሕዋስ) በብዛት ያመርተዋል፣ ወደ ደምም ይለቀዋል። ችግሩ ጥገኛው ያለ እሱም መኖር ይችላል። ይኼን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ጥገኞች መኖራቸው መጀመሪያ በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘገበ። ቀጥሎ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኙ። ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። በ2021 የወጣ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ ምክንያት በኤችአርፒ-2 ኪት ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «ከ5 በመቶ ካለፈ ኪቱን ቀይሩ» ነው የሚለው።

ነገሩ የሚያስገርመው እንዴት እንደሚስፋፋ ነው። ኪቱ ያወቀው ጥገኛ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሞታል። ኪቱ ያላወቀው ይቀራል፤ ትንኝ ትወስደዋለች፣ ለሌላ ሰው ታደርሰዋለች። በምርመራችን እያበጠርን የማይታየውን ዘር እያተረፍን ነው። እንደ ሽንፍላ ነው፤ ባጠብከው ቁጥር ሌላ እጥፋት ይወጣዋል። እና ጸሐፊው እንዳሉት ጥፋቱ የኪቱ ቢሆን፣ ማለትም መረቡ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ፣ መረብ መቀየር ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ዓሣው ነው የተቀየረው። አምባዛ ለመያዝ የተሠራ መረብ ቆሮሶ ቢያሳልፍ መረቡን ውሸታም አንለውም።

መፍትሔውም ከዚሁ ወረቀትና ወርቅ ውስጥ ነው የሚወጣው። ወርቁ ላይ የተለጠፈውን አንቲቦዲ መቀየር። ኤልዲኤች የሚባለውን የወባ ኢንዛይም የሚይዙ ኪቶች አሉ። ጥገኛው ስኳር ሰብሮ ጉልበት ለማግኘት ስለሚፈልገው በቀላሉ አይጥለውም። ሌላም ጥቅም አለው። ኤችአርፒ-2 ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ኪቱ አሁንም ሁለት መስመር ሲያወጣበት «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ኤልዲኤች ግን ጥገኛው ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። ጉድለቱ ደግሞ፣ ጥገኛው ጥቂት ሲሆን ከኤችአርፒ-2 ኪት የበለጠ ሊያመልጠው ይችላል። ሁሉን የሚያሟላ የለም።

«ማይክሮስኮፕ ይበቃናል» ላይ ግማሹን እስማማለሁ። ካለፈው ታሪኬ በኋላ እንዴት አልስማማም? ማይክሮስኮፕ ጥገኛውን ያሳያል፣ ዓይነቱን ይለያል፣ ይቆጥራል፤ ጂኑ ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ግን ጸሐፊው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ? ስላይዱ ይደረደራል። እያንዳንዱ ጂምሳ በሚባል ቀለም ተቀልሞ፣ ደርቆ፣ መቶ ቦታ ላይ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል። መብራት ይጠፋል። በፎገራ ወይም በደምቢያ ገጠር ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ማይክሮስኮፕም ሆነ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ የላትም። እሷ ያላት ያቺ ኪት ናት። ማይክሮስኮፕ ይበቃናል ማለት ለእሷ መንደር «ከተማ ድረስ ታመህ ና» ማለት ነው።

መርዝ ስለተባለው ብዙ አልልም። ወርቁ ኪቱ ውስጥ ነው፤ ደሙ ነው ወደ ወርቁ የሚሄደው እንጂ ወርቁ ወደ ደም አይመጣም። ሰውነት ውስጥ የሚገቡ የናኖ መድኃኒቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ለእነሱ የራሳቸው ጥንቃቄ አለ። ኪት ለመሠራት የሚፈራ ሰው ካለ ላንሴቱን፣ ጣት የምትበሳዋን መርፌ፣ ይፍራ። እሷ ትወጋለች።

የዩኒቨርሲቲው ነገር ላይ ጸሐፊውን በከፊል እደግፋለሁ፤ ይኼን ስል ፖሊና ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ያሉ ጓደኞቼ እንዳይቀየሙኝ። እዚህ ብቻ ሳይሆን በመላው ዓለም የናኖ ሴንሰር (የናኖ መለኪያ) የጥናት ወረቀት እንደ እንቦጭ ነው የሚባዛው። «በዓለም ዝቅተኛውን መጠን አገኘን» ይላል ርዕሱ። ውስጡን ስታነቡት ፕሮቲኑ የተለካው ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ ነው። ደም የጨው ውሃ አይደለም። የናኖ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ ወዲያው ያገኘው ፕሮቲን ሁሉ ይለጠፍበታል፤ ለዓሣው የተዘረጋው መረብ በቅጠል እንደሚሞላ። ያንን ለመከላከል አስቀድሞ ሌላ ፕሮቲን ይቀባል፣ ግን ሁልጊዜ አይሳካም።

ግራፊን ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ሉህ ነው፤ በ2004 ተለይቶ ወጣ፣ በ2010 ኖቤል አስገኘ። ፕሮቲን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይለወጣል፤ ሐሳቡ ያምራል። ግን ደም ውስጥ ያለው ጨው የፕሮቲኑን ኤሌክትሪክ ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ይጋርደዋል። ፕሮቲኑን ይዞ የሚቆመው አንቲቦዲ ራሱ ወደ 10 ናኖሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ዓሣው የተያዘው ሴንሰሩ ከሚያይበት ርቀት ውጭ ነው። ተመራማሪው ጨዉን በብዙ እጥፍ ያቀጥነዋል፤ ውጤቱ ያምራል፤ ወረቀቱ ይታተማል። ታማሚው ግን ከነጨው ደሙ ነው የሚመጣው።

እዚህ ድረስ አንድ ነን። «ስለዚህ ይቅር» ሲሉ ግን እንለያያለን። የጂኑን መጥፋት እኛ ጋ ማን አገኘው? ከዚህ አካባቢ ደም የሰበሰቡ፣ ኪቱንና የላብራቶሪውን ውጤት ጎን ለጎን ያስቀመጡ፣ ብዙዎቹም የራሳችን ሰዎች ናቸው። ውጭ ያለ የኪት ፋብሪካ ተቀምጦ የመተማን ወባ አያስብም። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላ አዛርንም እዩት። አርኬ-39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ሕንድ አካባቢ ከምሥራቅ አፍሪካ በተሻለ ይሠራል፤ ያው ኪት፣ ያው ዘዴ። የእኛን አገር ኪት በእኛ አገር ደም የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሥራ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቢቀር እንኳ በወርቅ የሚመዘን ወረቀት ነው።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ እኔን ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። መሣሪያዎቹ እየረቀቁ ሲሄዱ ምንም ያላመመው ሰው «እስቲ ሁሉንም ይዩልኝ» ማለት ይጀምራል። እንበል አንድ ካንሰር ከ10,000 ሰው 100ውን ይዟል። ምርመራው ካንሰር ካለባቸው 95 በመቶውን በትክክል ይይዛል፣ ጤነኞቹንም 95 በመቶውን ጤነኛ ይላል። አሪፍ ኪት! 95ቱን ሕመምተኛ ያገኛል። ከ9,900 ጤነኞች ግን 495ቱን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። ተጠርተው ከሚደነግጡ 590 ሰዎች ካንሰር ያለባቸው 95 ብቻ ናቸው። አነስ ያለ ፕሮቲን መያዝ መቻል ይኼን አያስተካክልም፤ እንዲያውም ጤነኛ ሰው ላይ ያለችውንም ትንሽ ምልክት አይቶ ሊያብሰው ይችላል። ትኩሳት ኖሮት ከወባ አገር ለመጣ ሰው የሚሠራ ኪትና ለጤነኛ ሰው የሚሸጥ «ሙሉ ምርመራ» አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

የቀረችው ፎቶዋ ናት። ማታ አንድ መስመር፣ ጠዋት ሁለት። ጸሐፊው «ራሱ እንኳ ሐሳቡን የሚቀይር» ብለው ተሳልቀዋል። የኪቱን መመሪያ ቢያነቡት መልሱን ያገኙት ነበር። ብዙዎቹ የወባ ኪቶች የሚነበቡት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ ከሳጥን ሳጥን ይለያያልና መመሪያው ይታይ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መድረቅ ይጀምራል። ሲደርቅ አልፎ የሄደው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተንሳፈፈ ወርቅና የደም ቀለም ይዞ። መስመሩ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደብዘዝ ያለ ጥላ ይጥላል። ያቺ የጠዋት መስመር ወባ አይደለችም፤ የማታው ጉዞ ትራፊ ናት።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከኪቱ ጎን በእስክሪብቶ ሰዓት ተጽፏል፤ ማታ 2፡10። ያነበቡት ግን ጠዋት 1፡30 ነው።